ፎቶው አልጨለመም፤ ስክሪኑ ነው ከልክ በላይ የበራው

መጀመሪያ በትልቁ ያሳተምኩት ፎቶ የአንዲት ሙሽራ ነበር። ጠይም ናት። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ጥላ ካረፈበት ግድግዳ ፊት ቆማለች። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ስክሪኔ ላይ የቀሚሷ ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል። ፊቷ ላይ ለስላሳ ብርሃን አርፏል። ግድግዳው ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል። ታትሞ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው የሠራው መሰለኝ። ግድግዳው ድፍን ጥቁር ሆኗል። ፊቷ ጨልሟል። ቀሚሱ ደግሞ ወደ ቢጫ ሄዷል።

ያው እንደማንኛውም ሰው አታሚውን ወቀስኩ። ሰውየው ትዕግስተኛ ነው። ምንም ሳይመልስልኝ ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ከፈተው። እዚያም ጨለማ ነው። እዚያም ቢጫ ነው። ወረቀቱ የታተመው ልክ ፋይሉ እንዳለው ነበር። የዋሸኝ እቤቴ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው የገዛ ሞኒተሬ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ስክሪኔ ከሚገባው በላይ ብሩህ ስለነበር ፎቶው በጣም የበራ መሰለኝ፤ ስለዚህ አጨለምኩት። ስክሪኔ ወደ ሰማያዊ ያደላ ስለነበር ፎቶው የቀዘቀዘ መሰለኝ፤ ስለዚህ ቢጫ ጨመርኩበት። የስክሪኑን ስህተት ያረምኩት ፎቶው ላይ ነው ማለት ነው። የሞኒተር ስህተት ሁሌም ተገልብጦ ነው ፋይሉ ውስጥ የሚገባው። ብሩህ ስክሪን ጨለማ ፎቶ ይወልዳል። ሰማያዊ ስክሪን ቢጫ ፎቶ ይወልዳል። ይህ ሳይስተካከል የሚደረግ ኤዲቲንግ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ማስተካከያው ካሊብሬሽን ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ሚዛንን ልኩ ላይ እንደመመለስ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንግባባ። ዓላማው ስክሪኑን ማሳመር አይደለም። እንዲያውም ካሊብሬት የተደረገ ስክሪን መጀመሪያ ሲያዩት ደብዘዝ ያለና አሰልቺ ነው። ሲሸጥ ዓይን እንዲስብ ተብሎ የደመቀውን ነው የምናወርደው።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ቀለም ሳይሆን ቁጥር ነው

ዲጂታል ፎቶ ውስጥ ቀለም የለም። እያንዳንዷ ፒክስል ሦስት ቁጥር ትይዛለች፦ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ። ቁጥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ናቸው። የሙሽራዋ ጉንጭ ላይ ያለች አንዲት ፒክስል 176፣ 120፣ 90 ልትሆን ትችላለች። ታዲያ 176 ቀይ ማለት ምን ያህል ቀይ ነው? ቁጥሩ ብቻውን አይመልስም። የሚመልሰው ስክሪኑ ነው። እያንዳንዱ ስክሪን ደግሞ የራሱን መልስ ይሰጣል። ቴሌቪዥኖች ተደርድረው አንድ ጣቢያ ሲያሳዩ አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል። የዜና አንባቢዋ በአንዱ ቀላ ብላለች፣ በሌላው ገርጥታለች፣ በሦስተኛው የታመመች ትመስላለች። የተላከው ምልክት ግን አንድ ነው።

ለዚህ ነው ስምምነት ያስፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ስፍራ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ስምምነቱ “176 ቀይ ስንል ይህን ማለታችን ነው” የሚል ቃል ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ አብዛኛው በዚሁ ቃል ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አዶቢ አርጂቢ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው፣ ማለትም ብዙ ቀለም ይይዛል፤ በተለይ አረንጓዴውና ውሃ ሰማያዊው ላይ ርቆ ይሄዳል። ካሊብሬሽን ማለት እንግዲህ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ስክሪን ይህን ስምምነት እንዲያከብር ማድረግ ነው።

ዓይን ለዚህ ሥራ አይታመንም

“እኔ ዓይኔ ጥሩ ነው፣ በማየት አስተካክለዋለሁ” የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም እል ነበር። ችግሩ የዓይን ጥራት አይደለም። ዓይናችን በተፈጥሮው ብርሃኑን የሚለማመድ ነው። ነጭ ወረቀት ፀሐይ ላይም፣ ቢጫ አምፖል ሥርም፣ ሻማ አጠገብም ነጭ ነው የሚመስለን። ከወረቀቱ የሚመለሰው ብርሃን ግን በጣም የተለያየ ነው። አእምሯችን ልዩነቱን ቀንሶ፣ አስተካክሎ ነው የሚያቀርብልን። ለኑሮ ትልቅ ጸጋ ነው። ለቀለም ሥራ ግን ጣጣ ነው።

አሁኑኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የስልካችሁን የማታ ሞድ፣ ማለትም ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን፣ አብሩና አሥር ደቂቃ አንብቡ። መጀመሪያ ብርቱካናማ ይመስላችኋል። ቆይቶ ነጭ ይሆናል። ከዚያ አጥፉት። የቅድሙ “ትክክለኛ” ነጭ አሁን ሰማያዊ ሆኖ ዓይናችሁን ይወጋዋል። ስልኩ ወደ ነበረበት ነው የተመለሰው። የተቀየረው የእናንተ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለምን ለሁለት የከፈለችውን ቀሚስ የምታስታውሱም ትኖራላችሁ። ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር ናት አለ፣ ግማሹ ነጭና ወርቃማ። ፎቶው አንድ ነበር። ቀሚሷ በእውኑ ሰማያዊና ጥቁር ነበረች። በነገራችን ላይ እኔ ከተሳሳቱት ነበርኩ።

ስለዚህ መለኪያ መሣሪያ የሚያስፈልገው እናንተ ስለማትችሉ አይደለም። መሣሪያው ብርሃንን ስለማይለማመድ ነው።

ብርሃኑ፦ ግማሹ ችግር እዚህ ነው

አንድ ነገር ብቻ አስተካክላችሁ ብታቆሙ የስክሪኑን ብርሃን መጠን አስተካክሉ። “የታተመው ፎቶዬ ጨለመ” የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው የሚመጣው።

የስክሪን ብርሃን የሚለካው በካንዴላ በስኩዌር ሜትር ነው። ኒት እያሉ ያሳጥሩታል። አዲስ ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት ያበራል። ለፎቶ ሥራ የሚመከረው ግን ከ80 እስከ 120 ኒት ገደማ ነው። ልዩነቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። በክፍሉ ያለውን ብርሃን መልሶ ነው የሚያሳየው። 300 ኒት ከሚረጭ ስክሪን ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ወረቀት የለም።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው መለኪያው እጁ ላይ አለ። ካሜራው ነው። ይህን ዘዴ በጣም ስለምወደው ዘርዘር ላድርገው። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ አድርጉት፤ ባዶ ሰነድ ከፍታችሁ ማስፋት ይበቃል። ክፍሉን አጨልሙ። ካሜራውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉና ነጩ ብቻ ፍሬሙን ይሙላው። ፎከሱን አደብዝዙት፣ የፒክስሎቹ መስመር እንዳይታይ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 4 አድርጉ። የካሜራው ላይት ሜትር ዜሮ ላይ የሚቆመው ሹተሩ 1/60 ሲሆን ከሆነ ስክሪናችሁ ወደ 120 ኒት ነው። 1/40 ካለ ወደ 80 ነው። 1/160 ካለ ደግሞ ወደ 320 ደርሳችኋል። ካሜራዎች መለኪያቸውን ትንሽ ለየት አድርገው ስለሚሠሩት ውጤቱ ግምት ነው። ግን 300ን ከ120 ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። ያን ሰሞን እኔ ብለካው 1/150 አካባቢ ነበር የቆመው። አታሚውን የወቀስኩበት ቀን ትዝ አለኝ።

የሞኒተሩን ብራይትነስ እየቀነሳችሁ 1/60 ላይ አምጡት። ስክሪኑ የሞተ ይመስላችኋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሱት፣ ዓይናችሁ ይመለሳል። ክፍላችሁ በቀን በጣም ብሩህ ከሆነ 120ም ሊያንሳችሁ ይችላል። ያኔ ስክሪኑን ከማሳደግ መጋረጃውን መሳብ ይሻላል።

ነጩ ምን ዓይነት ነጭ ነው?

ነጭ አንድ አይደለም። ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ አለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አለ። ይህ በኬልቪን ይለካል። የሻማ ብርሃን 1900 ገደማ ነው። የድሮው አምፖል 2800 አካባቢ ነው። የቀትር ፀሐይ 5500 ገደማ ነው። እዚህ ላይ የሚያደናግር ነገር አለ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል፤ እኛ ግን ሰማያዊውን “ቀዝቃዛ” ነው የምንለው። ነገሩ የመጣው ከጋለ ብረት ነው። ብረት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል፤ የበለጠ የሚግል አካል ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ፊዚክሱና አነጋገራችን ተቃራኒ ሆነው ቀሩ።

ለስክሪን የተለመደው ኢላማ ዲ65 የሚባለው ነው፤ 6500 ኬልቪን ገደማ። ኤስአርጂቢም አዶቢ አርጂቢም የተሠሩት በዚህ ነጭ ላይ ነው። የኅትመት ሰዎች ወረቀት የሚያዩበት ብርሃን ግን ዲ50 ነው፤ 5000 ኬልቪን። ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ ስክሪኑንም ወደ 5000 ያወርዳል። እናንተ ወረቀትና ስክሪን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የምትሠሩ ካልሆነ 6500 ላይ ቆዩ። የሞኒተሩ ሜኑ ውስጥ 6500 ወይም ኤስአርጂቢ የሚል ምርጫ ካለ እሱ ጥሩ መነሻ ነው። “ኩል”፣ “ቪቪድ”፣ “ጌም” የሚሉትን አትንኳቸው።

ጋማ፣ በአጭሩ

ጋማ የሚባለው ከጥቁር ወደ ነጭ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ነው። 128 የ255 ግማሽ ስለሆነ የብርሃኑም ግማሽ ይመስላል። አይደለም። የተለመደው 2.2 ጋማ ላይ 128 የሚሰጠው ከሙሉው ብርሃን 22 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። እውነተኛው የብርሃን ግማሽ ያለው 186 አካባቢ ነው። ይህ የሆነው ዓይናችን ጨለማው አካባቢ ያለውን ትንንሽ ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ ነው። ቁጥሮቹ ወደዚያ ተሰብስበዋል።

ከዚህ ቆንጆ ፈተና ይወጣል። በፎቶሾፕም ሆነ በሌላ ፕሮግራም አንድ ፒክስል ጥቁር፣ አንድ ፒክስል ነጭ እያደረጋችሁ አግድም መስመሮች ሥሩ። ዓይን ከሩቅ ሲያየው ልክ ግማሽ ብርሃን ነው። መሃሉ ላይ ሦስቱም ቁጥር 186 የሆነ ግራጫ ሳጥን አስቀምጡ። 100 በመቶ ዙም ላይ አድርጉት፣ ስክሪኑም በራሱ ሙሉ ሬዞሉሽን ይሁን፣ አለበለዚያ መስመሮቹ ይበላሻሉ። አሁን ሁለት ሜትር ያህል ራቁና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ። ሳጥኑ መስመሮቹ ውስጥ ጠፍቶ ከቀረ ጋማችሁ 2.2 አካባቢ ነው። ሳጥኑ ጠቆር ብሎ ከታየ ጋማው ከፍ ብሏል፤ ፈካ ብሎ ከታየ ዝቅ ብሏል።

ለጥቁሩም ተመሳሳይ ነገር አድርጉ። ድፍን ጥቁር ላይ 5፣ 10፣ 15 የሆኑ ሳጥኖች አስቀምጡ። 10 ጭራሽ ካልታየ ስክሪናችሁ ጥላዎችን እየዋጠ ነው። የሞኒተሩ ኮንትራስት ወይም የጥቁር ደረጃ ማስተካከያ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

ማስተካከልና መግለጽ ሁለት ናቸው

ሰው ሁሉ “ካሊብሬሽን” እያለ በአንድ ቃል የሚጠራው ነገር ሁለት ሥራ ነው። ይህ ካልተለየ ቀሪው ሁሉ ይምታታል።

ሰዓት አስቡ። ሰዓታችሁ አሥር ደቂቃ ይቀድማል እንበል። መጀመሪያ ታስተካክሉታላችሁ። ያ ካሊብሬሽን ነው። ነገር ግን ሰዓቱ አሮጌ ስለሆነ ከዚያም በኋላ ሁለት ደቂቃ ይቀድማል። ከዚህ በላይ አልስተካከል አለ። ያኔ “የኔ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ይቀድማል” ብላችሁ በወረቀት ትጽፋላችሁ። ያ ወረቀት ፕሮፋይል ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ወረቀቱን አይታችሁ ትቀንሳላችሁ። አታረፍዱም፣ አትቸኩሉም።

የሞኒተር ፕሮፋይል እንደዚያ ነው። ትንሽ ፋይል ነች። “ይህ ስክሪን ቀዩን ሲያወጣ ትክክለኛ ቀለሙ ይህ ነው፣ አረንጓዴው ይህ ነው፣ ነጩ ይህ ነው” ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የቀለም ጥምረት፣ በአጭሩ አይሲሲ፣ የዚህችን ፋይል አሠራር ስለደነገገ ዊንዶውስም ማክም ያነቧታል። ፎቶሾፕና ላይትሩም የፎቶውን ቁጥር ከማሳየታቸው በፊት ወረቀቷን አይተው ያስተካክላሉ።

ችግሩ ወረቀቷን ሁሉም ፕሮግራም አያነብም። በተለይ ቀለሙ ሰፊ የሆነ ሞኒተር ካላችሁ ይህ ይታያችኋል። ያው ፎቶ ፎቶሾፕ ውስጥ ጤነኛ ነው። ሌላ ተራ ማሳያ ፕሮግራም ውስጥ ስትከፍቱት ጠይሟ ሙሽራ ድንገት ትቀላለች፣ ሣሩ ይጮኻል። ሞኒተሩ አልተበላሸም፣ ፕሮግራሙ ነው ወረቀቷን ያላየው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጥና ማስተካከያዎችን መነካካት ይጀምራል። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሌላም የተለመደ ስህተት አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ “የሥራ የቀለም ስፍራ” የሚለው ላይ የሞኒተራቸውን ፕሮፋይል የሚመርጡ አሉ። የሞኒተሩ ፕሮፋይል ቦታው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ኤስአርጂቢ ወይም አዶቢ አርጂቢ ይሁን። ከኢንተርኔት የሌላ ሰው ሞኒተር ፕሮፋይል አውርዶ መጫንም ዋጋ የለውም። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ስክሪን ለየብቻው ይለያያል። የሌላ ሰው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ስለቀደመ የእናንተም ይቀድማል ማለት አይደለም።

መሣሪያው ስክሪን ላይ ሲንጠለጠል

መለኪያው ኮሎሪሜትር ይባላል። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። የታወቁት የዳታከለር ስፓይደርና የካሊብራይት ምርቶች ናቸው። ድሮ ኤክስራይት በሚል ስም የምታውቋቸው የፎቶ መለኪያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ካሊብራይት ተዛውረዋል። የራሳቸው ሶፍትዌር አብሮ ይመጣል። ነፃ የሚፈልግ ሰው አርጂልሲኤምኤስና በእሱ ላይ የተሠራው ዲስፕሌይካል አሉለት። ብዙ መቼት ስላላቸው ለጀማሪ ያደናግራሉ፤ መነካካት ለሚወድ ግን ደስ ይላሉ።

አንድ ቀን ስሠራ አብራችሁኝ ተቀመጡ። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት በርቶ ቆይቷል፤ ሳይሞቅ የተለካ ስክሪን ሲሞቅ ይቀየራል። የማታ ሞዱን፣ ብርሃን በራሱ የሚያስተካክለውን፣ ኮንትራስት እንደ ፎቶው የሚቀያይረውን፣ ማክ ላይ ደግሞ ትሩ ቶን የሚባለውን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ስክሪኑን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩ። ሞኒተሩን ወደ ኋላ ትንሽ አዘነበልኩት። መሣሪያውን ከላይ አንጠለጠልኩት፤ ገመዱ ላይ ያለችው ክብደት ከጀርባ ሆና ትይዘዋለች። ብርሃን በጎን እንዳይገባ ከስክሪኑ ጋር በደንብ መለጠፉን አየሁ።

ሶፍትዌሩ ኢላማ ይጠይቃል። 120 ኒት፣ 6500 ኬልቪን፣ ጋማ 2.2 አልኩት። ቀጥሎ የሞኒተሩን የራሱን በተኖች እንድነካ ያዘኛል። ሦስት አሞሌዎች ይታያሉ፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሰማያዊው ረዝሟል። በሞኒተሩ ሜኑ ሰማያዊውን ከ100 ወደ 88 ዝቅ ሳደርግ ሦስቱ ተስተካከሉ። ብርሃኑንም እስከ 120 አወረድኩ።

ይህን በሞኒተሩ በተን መሥራቴ ምክንያት አለው። ለሶፍትዌሩ ብተወው ኖሮ እርማቱን የሚሠራው በግራፊክስ ካርዱ ነበር። እዚያ ለሰማያዊው ያሉት 256 ደረጃዎች ብቻ ናቸው። ከላይ ቢቆርጥባቸው 230 ወይም 220 ይቀራሉ። ውጤቱ ሰማይ ላይ ይታያል፤ ቀስ ብሎ መደብዘዝ የነበረበት ሰማይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰነጠቃል። እንደ ኤይዞ ከለርኤጅ ያሉ ሞኒተሮች እርማቱን በራሳቸው ውስጥ በጣም ብዙ ደረጃዎች ባሉት ሰንጠረዥ ስለሚሠሩት ይህ ችግር የለባቸውም። ላፕቶፕ ደግሞ ከብራይትነስ ሌላ በተን የለውም። ሁሉም በካርዱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ አማራጭ የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው የመሣሪያው ነው። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ሳጥኖች ይፈራረቃሉ። ጥቁር፣ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ግራጫ፣ ደማቅ ቀይ፣ ደብዛዛ አረንጓዴ። መሣሪያው እያንዳንዱን አይቶ “ይህን አልኩህ፣ አንተ ይህን አሳየኸኝ” እያለ ይመዘግባል። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። እስኪጨርስ ግን ማውሱን አትንኩ፣ መብራት አታብሩ። ሲያልቅ ፕሮፋይሉን ያስቀምጣል።

መጨረሻ ላይ “በፊት” እና “አሁን” የሚል በተን አለ። እስኪ ተጫኑት። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፦ “ቢጫ ሆነ እኮ!” የማታ ሞዱን አስታውሱ። ዓይናችሁ ለወራት ሰማያዊውን ነጭ ብሎ ኖሯል። አትመልሱት። ነገ ጠዋት ስትከፍቱት ነጭ ይሆናል። ያኔ “በፊት” የሚለውን ብትጫኑ ሰማያዊው ይጮህባችኋል።

ሶፍትዌሩ ዴልታ ኢ የሚባል ቁጥርም ያወጣል። በታሰበው ቀለምና በታየው መካከል ያለውን ርቀት የሚለካ ነው። 1 አካባቢ ዓይን ልዩነቱን መለየት የሚጀምርበት ነው። አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ተመስገን ብላችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። በ0.4 እና በ0.7 መካከል የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልጨነቅም። ያ ቁጥር የተለካው በዚያው መሣሪያ ስለሆነ መሣሪያው ራሱ ከተሳሳተ ቁጥሩም አብሮ ይሳሳታል።

መሣሪያ ለሌለው

ዊንዶውስም ማክም በዓይን የሚሠራ ማስተካከያ አላቸው። ዊንዶውስ ላይ መፈለጊያው ውስጥ “ካሊብሬት ዲስፕሌይ ከለር” ስትሉ ይመጣል። ማክ ላይ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ነው። የኔ ምክር ግን ይህ ነው። ብርሃኑን በካሜራ ለኩ። ጋማውንና ጥቁሩን ከላይ ባሳየኋችሁ ሳጥኖች ፈትሹ። ቀለሙን ግን በዓይናችሁ አትንኩ። ቀይና ሰማያዊ አሞሌ እያንሸራተቱ “ትክክለኛ ነጭ” መፈለግ ቅድም ያወራነው የዓይን ወጥመድ ውስጥ መግባት ነው። የሞኒተሩን ኤስአርጂቢ ወይም 6500 ሞድ መርጣችሁ ተዉት።

ክፍሉ ደግሞ በነፃ የሚስተካከል ነው። ስክሪኑ ፊት ለፊት መስኮት ወይም መብራት አይኑር። የዴስክቶፑ ምስል ግራጫ ይሁን፤ ቀይ አበባ አጠገብ የተቀመጠ ፊት ወደ አረንጓዴ ያደላ ይመስላል። ደማቅ ቀይ ሹራብ ለብሳችሁ ስክሪን ፊት ስትቀመጡ የሹራቡ ብርሃን መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ማታ በቢጫ አምፖል፣ ቀን በመስኮት ብርሃን አንዱን ፎቶ እየተፈራረቃችሁ ብትሠሩት ሁለት ዓይነት ፎቶ ነው የሚወጣችሁ።

ካሊብሬሽን የማይፈታውም አለ። ስክሪኑ የማያወጣውን ቀለም ማንም አያወጣለትም። በርካሽ ላፕቶፖች ላይ “45 በመቶ ኤንቲኤስሲ” (የድሮ ቴሌቪዥን የቀለም ስፋት መለኪያ ነው) የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ስክሪኑ ኤስአርጂቢን እንኳ አይሞላም፤ ለዚያ 72 በመቶ ገደማ ያስፈልጋል። ቲኤን የተባሉት ስክሪኖች ደግሞ አንገታችሁን ከፍ ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ቀለማቸው ይለዋወጣል። የቱን ከፍታ ነው የለካነው ታዲያ? አይፒኤስ የተባለው የስክሪን ዓይነት ከሆነ ይህ ጣጣ በጣም ይቀላል። ሁለት ሞኒተር ያላችሁም ሁለቱ ቁርጥ አንድ እስኪሆኑ አትድከሙ። ብርሃናቸው የተሠራበት መንገድ ስለሚለያይ መሣሪያው “አንድ ናቸው” እያለ ለዓይን ሊለያዩ ይችላሉ። አንዱን የቀለም ሞኒተር አድርጉ፣ ሌላው ላይ ሜኑ አስቀምጡ።

አንድ ጊዜ ተለክቶም አያበቃም። ስክሪን እያረጀ ይደበዝዛል፣ ነጩም ቀስ እያለ ይንሸራተታል። ለደንበኛ የሚሠራ ሰው በወር አንዴ ይለካ። ለራሱ የሚሠራ በሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። ሲስተሙ አፕዴት ሲያደርግ ፕሮፋይሉ ሊወልቅ ስለሚችል ነጩ ድንገት ከተቀየረባችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

“ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚያየው፣ ስልኩ ካሊብሬት አልተደረገ፣ ምን አደከመኝ?” የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተመልካቾች ስክሪን ስህተት በየአቅጣጫው የተበተነ ነው። የአንዱ ሰማያዊ፣ የሌላው ቢጫ፣ የአንዱ ብሩህ፣ የሌላው ደብዛዛ። ፎቶአችሁ መሃል ላይ ከሆነ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት ነው የሚርቀው። የእናንተ ስክሪን ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን ለግማሹ ተመልካች ስህተቱ ይደራረባል። ሌላም አለ። ሰውየው የስልኩን ቀለም ለምዶታል። የሌላ ሰው መቶ ፎቶዎች በዚያው ስልክ አይቶ ነው የእናንተ ጋ የሚደርሰው። ስልኩ ሰማያዊ መሆኑን አያውቅም፤ የእናንተ ፎቶ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢጫ መሆኑን ግን ወዲያው ያያል። ለኢንተርኔት ስትልኩ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ፣ ፕሮፋይሉንም ፋይሉ ውስጥ አካታችሁ አስቀምጡ። ለኅትመት ከሆነ ደግሞ አታሚውን የማተሚያውንና የወረቀቱን ፕሮፋይል ጠይቁት። ፎቶሾፕ በዚያ ፋይል ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ቀድሞ ያሳያችኋል።

የሙሽራዋን ፋይል ስክሪኑን ካስተካከልኩ በኋላ እንደገና ከፈትኩት። አታሚው ያን ቀን ዝም ብሎ ያሳየኝን ጨለማና ቢጫ አሁን በራሴ ስክሪን አየሁት። ለማስተካከል ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ድጋሚ ሲታተም የግድግዳው ስንጥቅ ወረቀቱ ላይ ነበር።